«ዴሰለት» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቅጽል በቦታው ለመጠቀም፦ ከአነባበቡ እስከ አገባቡ

«ዴሰለት» የተባለው የእንግሊዝኛ ቅጽል የሚያስቸግረን ስናነበው ሳይሆን ስንጽፈው ነው። ስናነብ ዐውዱ ስለሚያግዘን «ምድረ በዳ ነገር ነው» ብለን እናልፈዋለን። ስንጽፍ ግን ባዶ የሆነውን ሁሉ ዴሰለት ማለት እንጀምራለን፤ ባዶ ክፍል፣ ባዶ አውቶቡስ፣ አንዳንዴም ባዶ ኪስ። እንግሊዝኛ ተናጋሪው የፈለግነውን ይገምት ይሆናል፤ ቃሉ ግን ያለቦታው እንደገባ ወዲያው ያውቃል።

መመሪያው አይኤልትስ ወይም ቶፍል ለሚባሉት የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተናዎች ለሚዘጋጁ፣ በዩኒቨርሲቲ ድርሰት ለሚጽፉ፣ በውጭ አገር ሥራቸው በእንግሊዝኛ ለሆነ፣ እንዲሁም ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ለሚተረጉሙ ይጠቅማል። ከሁሉ በፊት መያዝ ያለበት ነገር ይህ ነው፦ ዴሰለት ለመባል ባዶ መሆን አይበቃም። በዚያ ቦታ ወይም በዚያ ሰው ሕይወት ውስጥ መኖር የነበረበት አንድ አካል መጉደል አለበት፤ ጉድለቱም ለተመልካቹ መሰማት አለበት። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች በሙሉ የሚያጠነጥኑት በዚህ ላይ ነው።

ደረጃ 1፦ አጻጻፉንና ድምፁን ያዙ

ፊደሎቹ ስምንት ናቸው፦ ዲ፣ ኢ፣ ኤስ፣ ኦ፣ ኤል፣ ኤ፣ ቲ፣ ኢ። ኤስ አንድ ብቻ፣ ኤልም አንድ ብቻ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከኤስ ቀጥሎ ባለው አናባቢ ላይ ነው። ሲነገር ስለሚደክም በጆሮ ብቻ የያዘው ሰው ኤ ወይም ኢ ይጽፍበታል። ለማስታወስ በመሐሉ «ሶሎ» የሚለውን ቃል መነሻ ፈልጉ፤ ኤስ፣ ኦ፣ ኤል። ይህ ለማስታወሻ ብቻ የተፈጠረ ብልሃት አይደለም፤ እውነተኛ ዝምድና ነው፣ በሚቀጥለው ደረጃ እንመጣበታለን።

ሲነበብ ሦስት ክፍለ ቃል አለው፦ ዴ፣ ሰ፣ ለት። ጉልበቱ በሙሉ «ዴ» ላይ ያርፋል፤ የቀሩት ሁለቱ ቀለል ብለው ያልፋሉ። አማርኛ ክፍለ ቃሎችን በተቀራረበ ኃይል ስለሚያሰማ የእኛ ሰው «ዴ–ሶ–ሌት» እያለ ሦስቱንም እኩል ይረግጣቸዋል። ደግነቱ «ሰ» እና «ለ» ላይ የምንሰማው የፊደላችን የመጀመሪያ ረድፍ አናባቢ እንግሊዝኛ በደካማ ክፍለ ቃል ላይ ከሚያሰማው ድምፅ ብዙ አይርቅም። ስለዚህ ከላይ በተጻፈው መልክ ካነበባችሁትና «ዴ»ን ከበድ ካደረጋችሁት በቂ ነው። ሌላው ጥንቃቄ «ሰ»ን ወደ «ዘ» አለመለወጥ ነው። በረሃ ማለት የሆነው «ዴዘርት» በ«ዘ» ይነገራልና ይህኛውንም በዚያው ልማድ የሚጠራው አለ።

ቃሉ ግስ ሲሆን ግን መጨረሻው ይለወጣል፤ «ዴሰሌይት» ይባላል። አጻጻፉ አንድ፣ ድምፁ ሁለት ነው። ይህን ጠባይ ከሌሎች ቃላት ታውቁታላችሁ። «ግራጁየት» የተመረቀው ሰው ነው፣ «ግራጁዌይት» መመረቅ ነው። «ሴፐረት» የተለየ፣ «ሴፐሬይት» መለየት። አንዱን የለመደ ሰው ሌላው አይከብደውም። ስሙ «ዴሰሌይሽን» ሲሆን ጉልበቱ ከመጀመሪያው ክፍለ ቃል ተነሥቶ «ሌይ» ላይ ይወርዳል።

ደረጃ 2፦ ሥሩን እወቁ

ቃሉ የመጣው ከላቲን ነው። «ሶሉስ» ማለት ብቻውን ያለ ማለት ነው፤ ከዚያ የወጣው ግስ «ደሶላሬ» ፈጽሞ ብቻውን መተውን፣ ሰው አልባ ማድረግን ይናገራል። ሶሎ፣ እንዲሁም ብቸኛ ማለት የሆነው «ሶሊቴሪ» የዚሁ ሥር ልጆች ናቸው። ዴሰለት ወደ እንግሊዝኛ የገባው በ14ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ ሲሆን ከመጀመሪያው ጀምሮ ሁለቱንም ተሸክሞ ኖሯል፤ የተተወ ቦታንም የተተወ ሰውንም።

«አይሶሌትድ» ዘመዱ ይመስላል፤ አይደለም። እሱ ከላቲኑ «ኢንሱላ»፣ ማለትም ከደሴት ነው የመጣው። ልዩነቱ ዛሬም በትርጉማቸው ውስጥ ይታያል። አይሶሌትድ የሆነ መንደር ከሌላው ተነጥሎ እንደ ደሴት የተቀመጠ ነው፤ ገበያውም ሠርጉም ሞቅ ያለ ሊሆን ይችላል። ዴሰለት የሆነ መንደር ግን ሰዉ ጥሎት የሄደ ነው።

ፈረንሳይኛ የምታውቁ፣ በተለይ ጅቡቲ ወይም ፓሪስ የኖራችሁ፣ አንድ ወጥመድ አለባችሁ። በፈረንሳይኛ «ዴዞሌ» ማለት ይቅርታ፣ አዝናለሁ ማለት ነው፤ ሰው መንገድ ላይ ገፋ ቢያደርጋችሁ የሚላችሁ ቃል ነው። የሁለቱ ቃላት ሥር አንድ ሆኖ ሳለ እንግሊዝኛው ይህን የዕለት ተዕለት ቀላልነት አልወረሰም። ለስብሰባ አርፍዳችሁ በእንግሊዝኛ «አይ አም ዴሰለት» ብትሉ ሰዎቹ ለቅሶ የደረሰባችሁ ሊመስላቸው ይችላል።

ደረጃ 3፦ ስለ ቦታ ነው ወይስ ስለ ሰው?

ቅጽሉን ከመጻፋችሁ በፊት የምትገልጹት ቦታ መሆኑን ወይም ሰው መሆኑን ለዩ። ትርጉሙም አገባቡም ከዚህ ይከፈላል።

ሁለቱን ጎን ለጎን ለማየት ለአማርኛ አንባቢ ከመጽሐፍ ቅዱስ የተሻለ ቦታ አላገኘሁም። በ1611 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው) የታተመው የኪንግ ጄምስ ትርጉም ዴሰለትን በብዙ ስፍራ ይጠቀምበታል፤ በነዚያው ስፍራዎች የአማርኛው መጽሐፍ ምን እንዳለ ስታዩ የቃሉ ገጽታዎች ይገለጣሉ። ማቴዎስ 23፥38 ላይ እንግሊዝኛው ቤታችሁ ዴሰለት ሆኖ ይቀርላችኋል ሲል የአማርኛው «እነሆ፥ ቤታችሁ የተፈታ ሆኖ ይቀርላችኋል» ይላል። ሐዋርያት ሥራ 1፥20 ላይ ያው የእንግሊዝኛ ቃል በአማርኛው «መኖሪያው ምድረ በዳ ትሁን» ውስጥ ምድረ በዳ ሆኗል። ገላትያ 4፥27 ላይ ደግሞ ቃሉ የሚናገረው ስለ ሴት ነው፤ አማርኛው «ባል ካላቱ ይልቅ የብቸኛይቱ ልጆች በዝተዋልና» ይላል። ስሙ፣ ዴሰሌይሽን፣ ማቴዎስ 24፥15 ላይ ሲመጣ «የጥፋትን ርኵሰት» ከሚለው ውስጥ ጥፋት የሚለውን ቦታ ይዟል።

የተፈታ፣ ምድረ በዳ፣ ብቸኛ፣ ጥፋት። ከአራቱ ለእኔ ወደ እንግሊዝኛው ስሜት እጅግ የሚቀርበው የመጀመሪያው ነው። «የተፈታ ቤት» ስንል ግድግዳው ቆሞ፣ ጣራው ሳይወርድ፣ ያስተሳሰረው ነገር ግን ሄዷል። ምድረ በዳ የመሬቱን መልክ ይነግረናል፤ የተፈታ ግን በቤቱና በነዋሪው መካከል የነበረው መቋረጡን ይነግረናል። ዴሰለትን ለመረዳት ስትቸገሩ ከበረሃ ሳይሆን ከተፈታ ቤት ጀምሩ።

ስለ ሰው ሲሆን ቃሉ ከባድ ኀዘን ከብቸኝነት ጋር ሲገናኙ ነው የሚገባው። ብቻውን የሚኖር ሁሉ ዴሰለት አይደለም። ብቻዬን ነው የምኖረው ለማለት ፈልጋችሁ፣ ቅጽ ስትሞሉ ወይም ከሐኪም ጋር ስታወሩ ይህን ቃል አትጠቀሙ። ሐኪሙ የሚሰማው ስለ ኑሮ ሁኔታችሁ ሳይሆን ስለ መንፈሳችሁ መጎዳት ነው፤ ጥያቄውም በዚያው አቅጣጫ ይሄዳል።

ደረጃ 4፦ «ማን ጎደለ?» ብላችሁ ጠይቁ

ቦታን በተመለከተ ፈተናው ይህ ነው። ክረምት ላይ ተማሪዎች ዕረፍት የወጡበት ትምህርት ቤት ባዶ ነው፤ በመስከረም ይሞላል፣ ስለዚህ ማንም አልጎደለም። ናሚቢያ ውስጥ ያለችውን ኮልማንስኮፕን ውሰዱ። በአልማዝ የከበረች ከተማ ነበረች፤ ሀብቱ ሲሟጠጥ ሰዉ እየለቀቀ ሄዶ በ1956 ጭራሹን ወና ሆነች። ዛሬ የናሚብ በረሃ አሸዋ በመኝታ ክፍሎቿ ውስጥ እስከ መስኮት ቁመት ተቆልሏል። ማን እንደ ጎደለ ጥያቄ የለውም፤ ዴሰለት ሳይሸራረፍ ይሠራላታል።

ታዲያ ሰው ኖሮበት የማያውቅ ቦታስ? በሐምሌ 1969፣ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር፣ በዝ ኦልድሪን ከኒል አርምስትሮንግ ቀጥሎ ጨረቃ ላይ ወርዶ ዙሪያውን ሲያይ የተናገረው ሁለት ቃል ነበር፤ ግርማ ያለው ዴሰሌይሽን። ጨረቃ ላይ ጥሎ የሄደ ነዋሪ የለም። የጎደለው ሕይወት ራሱ ነው፤ ሣሩ፣ ነፋሱ፣ ድምፁ። ስለዚህ ፈተናውን ሰፋ አድርጉት። ሰው ካልጎደለ፣ ዓይን የሚፈልገው የሕይወት ምልክት ጎድሏል ወይ? መልሱ አዎ ከሆነ ቃሉ ይሠራል።

የኦልድሪን አነጋገር ሌላም ያስተምራል። ዴሰለት የሆነ ነገር አስቀያሚ መሆን የለበትም። ግርማ፣ ውበት፣ ጸጥታ ከቃሉ ጋር ተስማምተው ይቆማሉ። በፈተና ድርሰት ውስጥ ዴሰለትን ከውበት ቃል ጋር አጣምሮ በቦታው ያስገባ ተማሪ የቃሉን ክብደት እንደሚያውቅ በአንድ ሐረግ ያሳያል፤ ከሙት፣ ከደረቅ፣ ከባዶ ጋር የደረደረው ግን አንድ ነገር ሦስት ጊዜ ከመናገር አያልፍም።

ደረጃ 5፦ የማን ዓይን እንደሆነ አስቡ

ይህን ብዙ መማሪያ ስለማያነሣው ትንሽ ልቆይበት። ዴሰለት ከመልክዓ ምድር ይልቅ የተመልካቹን ስሜት የሚናገርበት ጊዜ ብዙ ነው።

በ1792 እንግሊዛዊው የባሕር ኃይል መኮንን ጆርጅ ቫንኩቨር በዛሬዋ ካናዳ ምዕራባዊ ጠረፍ ሲቀዝፍ አንድ የባሕር ሰርጥ አልማረከውም፤ ለዓይን ደስ የሚል አንድም ነገር የለበትም ብሎ ስሙን ዴሰሌይሽን ሳውንድ አለው። ስፍራው ተራራው በደን የተሸፈነ፣ ውኃው በበጋ ለዋና የሚሞቅ፣ ዛሬ ጀልባ ያለው ሁሉ የሚመኘው መዝናኛ ነው። የአካባቢው ነባር ሕዝቦችም ከቫንኩቨር በፊት ዘመናት ኖረውበታል። ስሙ ግን በካርታው ላይ እንደ ተጻፈ ቀረ። ካርታው የመዘገበው የአንድን መርከበኛ ቅሬታ ነው ማለት ይቻላል።

ወደ እኛ አገር ስንመጣ ዳሎል ይህን ቃል አዘውትሮ የሚቀበል ቦታ ነው። ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ፣ ከ1960 እስከ 1966 በተደረገ ምዝገባ የዓመቱ አማካይ ሙቀት 34.6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሆነ አካባቢ ነው። ጎብኚ አይቶት ዴሰለት ቢል አይፈረድበትም። ነገር ግን በዚያው ዝቅተኛ ሜዳ አፋሮች ጨው ይቆርጣሉ፤ የግመል ቅፍለቶች አሞሌ ጭነው ወደ ደጋው ይወጣሉ። ለነሱ አገርም መተዳደሪያም ነው።

ስለዚህ ስትጽፉ ተራኪው ማን እንደሆነ ወስኑ። በመንገደኛ ዓይን የምትጽፉ ከሆነ ቃሉ ይፈቀዳል። በነዋሪው አንደበት የምትጽፉ ከሆነ፣ ወይም ስለ ሌላ ሰው ቀዬ ዘገባ የምትሠሩ ከሆነ፣ ደረቅ፣ ሩቅ፣ ሞቃት የሚሉት ቃላት እውነቱን ይናገራሉ፤ የሰውን አገርም አያዋርዱም። እኔ በዘገባ ውስጥ ዴሰለትን ሳይ ወዲያው የምጠይቀው ጸሐፊው እዚያ ስንት ሰው እንዳናገረ ነው።

ደረጃ 6፦ ከጎረቤቶቹ ለዩት

እንግሊዝኛ ለዚህ ዓይነት ባዶነት ብዙ ቃል አለው፤ መምረጥ ካልቻላችሁ ያለፉት አምስት ደረጃዎች ብዙም አይረዷችሁም።

«ዲዘርትድ» ሰው እንደሌለ ብቻ ይናገራል፤ ለጊዜውም ሊሆን ይችላል። ሱቆች ሳይከፈቱ በማለዳ የመርካቶ አንድ ጎዳና ዲዘርትድ ነው፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ መተላለፊያ ይጠፋል። «አባንደንድ» ባለቤት ወይም ኃላፊ የነበረው ነገር ሆን ተብሎ ተጥሎ መሄዱን ያሳያል፤ መኪናም ቤትም ፕሮጀክትም ይባልበታል። «ሪሞት» ርቀት ብቻ ነው፣ ስሜት የለበትም። «ባረን» የማያበቅል መሬት ነው። መካን ሴትን ለመጥራትም ያገለግል ነበር፤ ዛሬ ግን ያስከፋል፣ ለሰው አትጠቀሙበት።

«ብሊክ» ብዙ የሚያደናግረው ነው። እሱም ስለ ቦታ ይነገራል፤ ብርድና ነፋስ የሚፈራረቁበት፣ መጠለያ የሌለው ገላጣ ስፍራ ብሊክ ነው። ሥሩ ከጥንታዊ የሰሜን አውሮጳ ቃል ሲሆን የገረጣ፣ የነጣ ማለት ነበር፤ በረኪና ከምንለው ነገር የእንግሊዝኛ ስም፣ «ብሊች»፣ ጋር ይዛመዳል። ዛሬ ግን ትልቁ ሥራው ስለ ወደፊቱ መናገር ነው። ኢኮኖሚ፣ የሥራ ዕድል፣ የሰላም ተስፋ ሲጨልም ጋዜጦች ብሊክ ይላሉ። ወደፊቱ ዴሰለት ነው ማለት ግን በዜና እንግሊዝኛ ያልተለመደ ነው፤ በግጥም ካልሆነ አትሞክሩት። በአጭሩ፣ የጠፋው ተስፋ ከሆነ ብሊክ፣ የጠፋው አብሮ ነዋሪ ከሆነ ዴሰለት።

ስለ ሰው ደግሞ ዴሰለት የሚምታታው ከ«ዲቫስቴትድ» ጋር ነው። ሁለቱም ኀዘን ናቸው፤ ጊዜያቸው ግን ይለያያል። መርዶ የተነገራት ሴት በዚያች ሰዓት ዲቫስቴትድ ናት፤ ቅስሟ ተሰብሯል፣ መሬት ከድቷታል። ሠልስት ወጥቶ፣ ድንኳኑ ተነቅሎ፣ ለቀስተኛው ወደየቤቱ ከሄደ በኋላ ቤቱ ጭር ሲልባት የሚሰማት ነው ዴሰለት። የመጀመሪያው በአንድ ምት የሚያወድም ነው፤ ሁለተኛው እየቆየ የሚከብድ። በዛሬ የንግግር እንግሊዝኛ ዲቫስቴትድ እጅግ ተዘውትሯል፤ ቡድናቸው ስለ ተሸነፈም ይሉታል። ዴሰለት ግን ክብደቱን እንደ ያዘ ስለ ቀረ በጨዋታ መሐል ጣል አይደረግም።

«ፎርሎርን» ደግሞ የሚያሳዝን መልክ ነው፤ ጌታው የጠፋበት ውሻ በር ላይ ተቀምጦ ሲጠብቅ የሚታይበት። ከዴሰለት ይቀልላል፣ አንጀት ይበላል።

አሁን የዩክሬኗን ከተማ ፕሪፕያትን አስቡ። በቼርኖቤል 4ኛው የኑክሌር ማብላያ ሚያዝያ 26 ቀን 1986 በፈረንጆች ሲፈነዳ ነዋሪዎቿ በማግስቱ በአውቶቡስ እንዲወጡ ተደረገ፤ 49 ሺህ ያህል ሰዎች። ለቀናት ብቻ መስሏቸው ነበር፣ ከተማዋ ግን እንደ ወጡባት ቀረች። ዲዘርትድ ናት፣ ሰው የለም። አባንደንድም ናት፣ ተጥላለች። ዴሰለትም ናት፤ የጎደለው ማን እንደሆነ በየመጫወቻ ስፍራው ይታያል። ባረን ግን አይደለችም። ዛፍ አስፋልቱን ሰንጥቆ በቅሏል፣ የዱር እንስሳት ገብተውባታል። ይህን የመሰለ ቦታ ወስዳችሁ አምስት ቅጽሎችን አንድ በአንድ ብትሞክሩ መዝገበ ቃላት ከማገላበጥ ይልቅ ቶሎ ይገባችኋል።

በድምፅ ብቻ የሚመሳሰሉት ሦስቱን በፍጥነት፦ «ዴስቲቱት» የዕለት ጉርስ የሌለው ድኻ ነው። ለተቸገረ ቤተ ሰብ የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው የሚፈልገው ይህንን እንጂ ዴሰለትን አይደለም። «ዲሰሉት» ልቅ፣ በመጠጥና በዝሙት የተጠመደ ማለት ስለሆነ ስለ ኀዘንተኛ ስትጽፉ ይህን ብታስገቡ ስድብ ይሆናል። «ዴስፐረት» ጭንቅ ውስጥ ገብቶ ማንኛውንም ለማድረግ የተዘጋጀ ነው።

ደረጃ 7፦ ዐረፍተ ነገር ውስጥ አስገቡት

ቦታን ሲገልጽ ከስሙ በፊት ይቀመጣል፦ «ኤ ዴሰለት ላንድስኬፕ»፣ «ኤ ዴሰለት አይላንድ»። ከ«ኢዝ»፣ ከ«ሉክስ»፣ ከ«ፊልስ» በኋላም ይመጣል። ሰውን ሲገልጽ ከግስ በኋላ ማስቀመጥ ይሻላል፦ «ሺ ፌልት ዴሰለት»፣ «ሂ ዎዝ ሌፍት ዴሰለት»። «ኤ ዴሰለት ዉማን» ስሕተት አይደለም፤ ነገር ግን የብሉይ ኪዳን ወይም የአሮጌ ልብ ወለድ ቃና ስላለው ለኢሜይል አይሆንም።

ማጠናከሪያው «አተርሊ» ነው፤ ፈጽሞ እንደ ማለት። ሲያወዳድሩ «ሞር ዴሰለት»፣ «ሞስት ዴሰለት» ይባላል እንጂ መጨረሻው ላይ ምንም አይቀጠልም። ተውሳከ ግሱ «ዴሰለትሊ» አለ፤ ያልተለመደ በመሆኑ ብትተዉት አይጎዳችሁም።

ከአማርኛ የሚመጣ አንድ ስሕተት እዚህ ላይ ይደጋገማል። እኛ «ከሰው የራቀ»፣ «ከሰው ባዶ የሆነ» ስለምንል እጃችን «ዴሰለት ፍሮም ፒፕል» ብሎ ሊጽፍ ይቸኩላል። እንግሊዝኛው ይህን ማሟያ አይፈልግም፤ የሰው አለመኖር በቃሉ ውስጥ አለ። ያለ እሱ ኑሮዋ ባዶ ሆነ ለማለት ግን «ሺ ዎዝ ዴሰለት ዊዛውት ሂም» ትክክል ነው።

ግሱን፣ ዴሰሌይትን፣ በተደራጊ መልኩ ብቻ ብትጠቀሙበት ይበቃል፦ «ዘ ሪጅን ዎዝ ዴሰሌይትድ ባይ ዎር»፤ አካባቢው በጦርነት ጠፍ ሆነ። ጦርነት፣ ወረርሽኝ፣ ድርቅ አድራጊዎቹ ናቸው። አንድ ሰው ቤቱን ዴሰሌይት አደረገ ማለት ግን እንግዳ ይሆናል።

ደረጃ 8፦ ወደ አማርኛ ስትመልሱት

በአማርኛ አንድ ቋሚ አቻ አትፈልጉለት፤ የሚገልጸውን እያያችሁ ምረጡ። ቤት ከሆነ «ወና» ወይም «ኦና» ከሁሉ ይቀርባል፤ ዓመታት ያለፉት ከሆነም «ዳዋ የዋጠው» ማለት ይቻላል። እርሻ የነበረ መሬት «ጠፍ» ነው። መንደርና ከተማ «ባድማ ሆነ» ሲባል ቀድሞ ሰው እንደ ነበረበት ይታወቃልና ዴሰለትን በሚገባ ይተካል። መንገድ «ጭር ያለ» ሊባል ይችላል፣ ግን ጭር ማለት ለዲዘርትድም ስለሚያገለግል ኀዘኑን የሚሸከም ሌላ ቃል በአጠገቡ ያስፈልጋል። በረሃን «ጭው ያለ» ማለት ስፋቱንና ዝምታውን ይሰጣል።

ሰው ሲሆን ተርጓሚዎች «ተስፋ የቆረጠ» ይላሉ፤ አልስማማም። ተስፋ መቁረጥ ስለ ነገ ነው፣ ዴሰለት ስለ ዛሬ መጉደል ነው። «ሆድ የባሰው»፣ «ባዶ ቤት ታቅፎ የቀረ»፣ እንደ ዐውዱም «ሰው የራቀው» ይሻላሉ። ልብ ወለድ ስትተረጉሙ አንዳንዴ ቅጽሉን ትታችሁ በግስ መናገር ይበልጣል፤ «ቤቱ ጭር አለባት» የሚለው አማርኛ ከየትኛውም ቅጽል የበለጠ ይሠራል።

መልመጃ

መልሱን ከማየታችሁ በፊት በልባችሁ ወስኑ። በጃፓን ሐሺማ በምትባለው ደሴት የድንጋይ ከሰል ማዕድኑ በ1974 ተዘጋ፤ በዚያው ዓመት ነዋሪው ሁሉ ወጣ፣ ሕንፃዎቹ ግን ቆመው ቀሩ። እዚህ ዴሰለት ይሠራል፣ አባንደንድም ይሠራል፤ የመጀመሪያውን የምትመርጡት ስሜቱን ልትነግሩን ስትፈልጉ፣ ሁለተኛውን ታሪኩን ስትነግሩን ነው። ሥራ ፈላጊው ስለ መጪው ዓመት ሲያስብ የሚታየው ጨለማ ብሊክ ነው። ቤት ኪራይ መክፈል አቅቶት ጎዳና የወጣ ሰው ዴስቲቱት ነው። ልጆቿ አንዱ ዱባይ፣ አንዷ ዋሽንግተን የሄዱባት እናት በየቀኑ በስልክ የምታገኛቸው ከሆነ «ሎንሊ» ይበቃታል፤ ስልኩ ከዘጋ፣ ወሬያቸውም ከጠፋ ግን ዴሰለት ማለት ማጋነን አይሆንም።

ከዚያ በራሳችሁ አንድ አንቀጽ ጻፉ፤ የምታውቁትን የተለቀቀ ቦታ ግለጹ፣ ቃሉንም አንድ ጊዜ ብቻ ተጠቀሙ። ጽፋችሁ ስትጨርሱ ዴሰለት ያላችሁበት ላይ «ኤምፕቲ» የሚለውን ተክታችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ከዐረፍተ ነገሩ አንዳች ነገር ከቀነሰ ዴሰለትን መልሱት፤ ምንም ካልቀነሰ «ኤምፕቲ» እንዳለ ይቆይ።